ካሜራው የቆመበት ወገን

በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ይገሠግሥ የነበረው የማርሻል ባዶሊዮ የመኪና ጦር ከደብረ ሲና በላይ ባለው ዳገት ላይ ተገትሮ ቆመ። በጣርማ በር መንገዱ ተቆርጦ ነበርና መኪናዎቹ ወደፊት መሄድ አልቻሉም። ወታደሮቹ ወርደው ድንጋይ ተሸከሙ፤ የፈረሰውን ደለደሉ፤ ተሽከርካሪዎቹንም በብዙ ድካም ዳገቱን አወጡ። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። በዚያ ረጅም ሰልፍ ውስጥ ከጠመንጃና ከመትረየስ ሌላ አንድ መሣሪያ አብሮ ይጓዝ ነበር፤ እርሱም የፊልም ካሜራ ነው።

የካሜራው ባለቤት ሉቼ የተባለው የኢጣሊያ መንግሥት የፊልም ተቋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 የተመሠረተው ይህ ተቋም በሙሶሊኒ ዘመን የፋሺስቱ ሥርዓት ዓይንና አንደበት ሆኖ አገልግሏል። ለኢትዮጵያ ወረራም ራሱን የቻለ የምሥራቅ አፍሪካ የፎቶግራፍና የፊልም ክፍል አቋቁሞ ባለሙያዎቹን ከጦሩ ጋር አሠማራ። ከተነሣው ምስል ኮራዶ ዴሪኮ የተባለው ዳይሬክተር «የጀግኖች ጉዞ» የሚል ርእስ ያለውን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1936 ሠራ። በእንዲህ ዓይነቱ ፊልም ውስጥ መንገድ ሲጠረግ፣ ስንቅ ሲጫን፣ መርከብ ሲራገፍ፣ ሐኪም ቁስል ሲያጥብ እናያለን። ተመልካቹ የሚያየው ጦርነት መሆኑን እስኪዘነጋ ድረስ ነገሩ ሁሉ ትልቅ የመንገድ ሥራ ይመስላል።

እኔ የይፋት ልጅ ነኝ። ከጣርማ በር ጉም ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወርደውን መንገድ በእግርም በመኪናም አውቀዋለሁ። በሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል፤ ሸዋ ሮቢት ግን 1300 ሜትር ገደማ ላይ ተኝታለች። በአንድ ቀን ጉዞ ጋቢ ለብሶ የተነሣ ሰው ሸሚዙን አውልቆ ይደርሳል። ስለዚህ እነዚያን የሉቼ ምስሎች ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ወታደሩን አልፎ ከኋላው ያለውን አገር ይፈልጋል፤ ተራራውን፣ ማሳውን፣ በመንገዱ ዳር የቆመውን ባላገር። አገሬው በምስሉ ጠርዝ ላይ ቆሟል። አይናገርም፤ ስም የለውም። ይህን የመሰለው ምስል ለኛ የቀረልን የዚያ ዘመን ተንቀሳቃሽ መስታወት ነው። በመስታወቱ ውስጥ ግን እኛ የለንም፤ ያለነው እንደ ዛፍና እንደ ድንጋይ ብቻ ነው።

ካሜራው ያላሳየውን ማሰብ ደግሞ ካሳየው ይልቅ ይከብዳል። የመርዝ ጋዙ በሰሜን ጦር ግንባር በሠራዊትና በባላገር ላይ ሲረጭ ዓለም በፊልም አላየውም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ቆመው በቃል መሰከሩ፤ የኢጣሊያ መንግሥት ግን ድርጊቱን በይፋ ያመነው ከ60 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ከደብረ ሲና ወደ ሰሜን ባለው በመንዝ ምድርም በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በዘረት ዋሻ የተጠለሉ አርበኞች ከነቤተሰቦቻቸው በመርዝ ጋዝ ተጠቁ፤ እጃቸውን ከሰጡት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩት ተረሸኑ። የአካባቢው ሰው ይህን ሲነግረን ኖሯል። ኢጣሊያዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የወራሪውን ጦር ሰነዶች አግኝቶ ታሪኩን ለውጭው ዓለም የገለጠው ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የድል ዜና ፊልሙ ዘረትን ለተመልካቹ አላሳየም። ቀርቶ የተገኘው የአጽም፣ የወረቀትና የአረጋውያን ምስክርነት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አሁን ከጣርማ በር አራት ዓመት ያህል ወደፊት፣ ወደ ሎንዶን እንሻገር። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1940 ጀምሮ የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማይቱን ሌሊት በሌሊት ይደበድቧት ነበር። በዚያች ከተማ ሃምፍሪ ጄኒንግስ የተባለ የ33 ዓመት ሰው ካሜራ ይዞ ይዞር ነበር። ጄኒንግስ በካምብሪጅ ሥነ ጽሑፍ የተማረ፣ ሥዕል የሚሥል፣ ግጥም የሚጽፍ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 በሎንዶን የተካሄደውን ዓለም አቀፍ የሱሪያሊስቶች የሥዕል ዐውደ ርእይ ካዘጋጁት አንዱ ነበር። በቀጣዩ ዓመትም ተራው የእንግሊዝ ሕዝብ እንዴት እንደሚውል፣ ምን እንደሚያወራ፣ ምን እንደሚያልም የሚመዘግብ አንድ ማኅበር ከጓደኞቹ ጋር መሠረተ። ጦርነቱ ሲመጣ የመንግሥት የፊልም ክፍል ባልደረባ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ እሱም እንደ ሉቼ ሰዎች የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው፤ እሱም የሠራው ለጦርነቱ ዓላማ ነው። ይህን ሳንደብቅ እንቀጥል።

እ.ኤ.አ. በ1942 ከአርታዒው ከስቱዋርት ማክአሊስተር ጋር የሠራው «ብሪታንያን ስሙ» 20 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ አጭር ፊልም ነው። በፊልሙ ውስጥ ተራኪ የለም። ይህ በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር ነበር፤ የጦርነት ፊልም ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያስረዳ ድምፅ ነበረውና። በዚህ ፊልም ግን የሚሰማው አውሮፕላን በማሳ ላይ ሲያልፍ፣ ወታደሮች በዳንስ ቤት ሲጨፍሩ፣ የፋብሪካ ሴቶች በሥራ ላይ እያሉ ከድምፅ ማጉያ የሚወጣውን ዘፈን ሲያንጎራጉሩ፣ ባቡር በጨለማ ሲቆም ነው። በምሳ ሰዓት በአንድ የፋብሪካ አዳራሽ ሁለት የሕዝብ ቀልደኞች ይዘፍናሉ፤ ዘፈናቸው ገና ሳያልቅ ቅንብሩ ወደ ብሔራዊ የሥዕል ቤት ይወስደንና ማይራ ሄስ የተባለችው ፒያኒስት ሞዛርትን ስትጫወት እንሰማለን። ሥዕሎቹ ከቦምብ ለማዳን ከግድግዳው ወርደዋል፤ ባዶው ክፍል በሰው ተሞልቷል። ከአድማጮቹ መካከል ንግሥቲቱ ተቀምጣለች። ካሜራው በእሷ ፊት ላይ አይዘገይም፤ እንደሌላው ሰው አይቷት ያልፋል።

የጥበቡ ምሥጢር በዚህ መገጣጠም ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ሠራተኛውና ንግሥቲቱ፣ ተራው ዘፈንና ሞዛርት በአንድ የድምፅ ክር ተሰፍተዋል። ማንም «እኛ አንድ ነን» ብሎ አልተናገረም፤ ጆሮ ግን ይህን ሰምቷል። ቅኔ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ባለቅኔ ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን ያኖራል እንጂ ወርቁን አውጥቶ አያስረዳም፤ ሰሙን ገልጦ ወርቁን ማግኘት የሰሚው ድርሻ ነው። እንግሊዛዊው ዳይሬክተር ሊንድሴይ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1954 በጻፈው መጣጥፍ ጄኒንግስን የብሪታንያ ሲኒማ ብቸኛ እውነተኛ ባለቅኔ አድርጎ የቆጠረው ያለ ምክንያት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1943 የወጣው «እሳት ተነሣ» ደግሞ በሎንዶን የእሳት አደጋ ሠራተኞች የአንድ ቀንና የአንድ ሌሊት ታሪክ ነው። ተዋናዮቹ ተዋናይ አልነበሩም፤ በድብደባው ወቅት እሳቱን ያጠፉት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ከእነርሱ አንዱ በፊልሙ ታሪክ ውስጥ ይሞታል። ጀግንነቱ በፉከራ አልተገለጸም። ሰዎቹ ሻይ ይጠጣሉ፤ ይቀላለዳሉ፤ አንዱ ፒያኖ ይነካል፤ ከዚያ ደወሉ ይደወላል።

ልቤን ከሁሉ ይበልጥ የነካው ግን በዚያው ዓመት የወጣው «ዝምተኛው መንደር» ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1942 ናዚዎች በቼኮስሎቫኪያ ሊዲትሴ የተባለችውን የማዕድን ቆፋሪዎች መንደር አጠፏት። 173 ወንዶች በአንድ ቀን ተረሸኑ፤ ሴቶቹ ወደ እስር ካምፕ ተወሰዱ፤ ልጆቹ ከእናቶቻቸው ተነጠሉ፤ ቤቶቹ ከመሬት ተስተካከሉ። በዚያች ሌሊት የወዳጅ ካሜራ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም ነበር። ጄኒንግስ ወደ ዌልስ ሄዶ ኩምጊዬድ በምትባል የማዕድን ሠራተኞች መንደር ተቀመጠ። መንደርተኞቹንም ይህ በእናንተ ላይ ቢደርስ ኖሮ ብላችሁ ራሳችሁን ሁናችሁ ተጫወቱት አላቸው። በቤተ ጸሎታቸው ዘመሩ፤ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ላኩ፤ ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። ከዚያ ወራሪው መጣ። ወራሪው በፊልሙ ውስጥ ፊት የለውም፤ ጥቁር መኪናና ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው። የዌልስ ቋንቋ በትምህርት ቤት እንዳይነገር ታገደ። በመጨረሻም ወንዶቹ በግድግዳ ሥር ተሰልፈው የአገራቸውን መዝሙር እየዘመሩ ይረሸናሉ።

የዘረትን ዋሻ የሚያውቅ ሰው ይህን ፊልም እንዴት አይቶ ዝም ይላል? የሊዲትሴ ሰዎች ያልተቀረጸ ሞታቸውን የሚያካፍላቸው ሌላ መንደር አገኙ። የዘረት ሰዎች በዚያ ዘመን አላገኙም።

ለጄኒንግስ ፍትሐዊ ሆኜ ለወገኖቼም ፍትሐዊ ልሁን። እሱ የቀረጸው ብሪታንያን እንጂ ግዛቷን አይደለም። በከረን ተራሮች የወደቁት የሕንድ ወታደሮች፣ ከብሪታንያ ሠራዊት ጋር የዘመቱት አፍሪካውያን፣ በሸዋ በረሃ ከራስ አበበ አረጋይ ጋር አምስት ዓመት የተዋጉት አርበኞች በፊልሞቹ ውስጥ አይገኙም። የእሱ «እኛ» በባሕር የተከበበች ደሴት ነበረች። ግን አንድ ነገር ከሉቼ ፊልም አጥብቆ ይለየዋል። የሉቼ ካሜራ ከሚተኩሰው ወገን ቆሞ የሚተኮስበትን ያያል፤ ወይም ጨርሶ አያየውም። የጄኒንግስ ካሜራ ቦምቡ ከሚወድቅበት ወገን ቆሞ ጎረቤቱን ያያል። ሁለተኛው ልዩነት ደግሞ ከዚህ ይጠልቃል። በ«ብሪታንያን ስሙ» ውስጥ ጠላት አይታይም፤ አንድ የጥላቻ ቃል አይሰማም። በቦምብ ሥር ሆኖ ጥላቻን ሳይቀርጹ ፍቅርን መቅረጽ ይቻላል ብሎ ማሰብ ለኔ የዚህ ሰው ትልቁ ጥበብ ነው።

ጄኒንግስ ዕድሜው አጭር ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1950 በግሪክ ፖሮስ ደሴት ለአዲስ ፊልም ቦታ ሲመርጥ ከገደል ወድቆ በ43 ዓመቱ ሞተ። ስለ ማሽን ዘመን አመጣጥ ሲያሰባስበው የኖረው ታላቅ የጽሑፍ ስብስብ «ፓንዲሞኒየም» በሚል ርእስ ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ይህ መጽሐፍም ከሞተ ከ62 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ለሎንዶን ኦሊምፒክ የመክፈቻ ትርኢት መነሻ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ሆኗል። ጥሩ የተቀረጸ ትዝታ እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ካለፈ በኋላም ለአገሩ ይሠራል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የሉሚዬር ወንድማማቾች በፓሪስ የመጀመሪያውን የፊልም ትርኢት ለሕዝብ ያሳዩት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ነው። የዐድዋ ጦርነት የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በመካከላቸው ሁለት ወር ገደማ ብቻ አለ። ሲኒማ የሁለት ወር ሕፃን በነበረበት ጊዜ ዐድዋ አልፎ ነበር። እንግዲህ በታሪካችን ታላቁ ድል ተንቀሳቃሽ ምስል የለውም፤ በታሪካችን መራራው ሽንፈት ግን በጠላት ካሜራ ሰዓታት የሚፈጅ ምስል አለው። የኢትዮጵያ ፊልም ሠሪ ሁሉ የሚወርሰው ይህን የተዛባ ርስት ነው።

ይህን ርስት ፊት ለፊት ከተጋፈጡት ቀዳሚው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው። በጎንደር የተወለዱት ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ አሜሪካ ሄደው መጀመሪያ ቲያትር፣ ቀጥሎም በሎስ አንጀለስ ፊልም ተማሩ፤ በዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተማሩ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»፣ «ሳንኮፋ»ና «ጤዛ» ይበልጥ ይታወቃሉ። እኔ ግን ሁልጊዜ የምመለሰው እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ሠሩት «ዐድዋ» ወደተባለው ዘጋቢ ፊልም ነው።

ያልተቀረጸን ጦርነት እንዴት ይቀርጹታል? ኃይሌ የመረጡት መንገድ የጄኒንግስን በኩምጊዬድ የመሰለ ነው፤ የሌለውን ምስል ካለው ሕይወት ማውጣት። ካሜራቸው በሸራ ላይ በተሣሉት የጦርነቱ ሥዕሎች ውስጥ ይገባል፤ ፈረሱን፣ ጎራዴውን፣ ዓይኑ የፈጠጠውን ተዋጊ አንድ በአንድ ይጎበኛል። አረጋውያን ከአባቶቻቸው የሰሙትን ይናገራሉ። ዜማው፣ ሽለላውና ቀረርቶው የጠፋውን የጦርነት ድምፅ ይተካሉ። ዳይሬክተሩም በራሳቸው ድምፅ፣ ታሪክ እንደሚነገረው ልጅ ሆነው ይተርካሉ። ጄኒንግስ ተራኪውን አስወግዶ ድምፅን ሰጠን፤ ኃይሌ ተራኪውን ከላይ ከሚያዝ ባለሥልጣን ወደ ምድጃ ዳር ተረት አውጪ መለሱት። ሁለቱም የደረሱት ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ሕዝቡ በራሱ አንደበት ወደሚናገርበት። በ«ጤዛ» ውስጥም በመንደሩ አጠገብ የሙሶሊኒ ስም የቀረለት ተራራ አለ። የወራሪው ምልክት በተራራ ላይ፣ የልጆች ጨዋታም በዚያው ሥር። ያን ትዕይንት ያየ የደብረ ሲና ልጅ የራሱን ተራራ ማስታወሱ አይቀርም፤ ጣርማ በርንም ኢጣሊያኖች የሙሶሊኒ በር ብለው ሰይመውት ነበርና። ስሙ ከነባለቤቱ ሄደ፤ ያስቆፈሩት ዋሻ መንገድ ግን ቀረ። የቆፈሩትን እጆች ማን ቀርጿቸዋል?

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለአሮጌ ፊልሞች ፍቅር ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን ረግጦ ወደ ደብረ ሲና ደረሰ። ያን ጊዜ ከ1928ቱ የሚለየው አንድ ነገር ነበር፤ ካሜራ በየሰው ኪስ ውስጥ ነበር። ማንም ሉቼን መጠበቅ አላስፈለገውም። ሆኖም ከየአቅጣጫው በየስልኩ የተሰራጨውን ሳስታውስ የሚበዛው የማንን ዓይን የያዘ ነበር? የተማረከ ሰው ሲዋረድ፣ የሞተ ሰው ሲቆጠር፣ የሌላው ወገን ሲሰደብ። ካሜራው በእጃችን ገባ፤ አቋቋሙ ግን የሉቼ ሆኖ ቀረ። ከሚተኩሰው ትከሻ በላይ ሆነን የሚተኮስበትን አየን።

ያልተቀረጸውን እስቲ አስቡት። በደብረ ሲና መንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጠው ሴት ያን ሳምንት ቁናዋን ይዛ ወዴት ሄደች? በሸዋ ሮቢት ማሳ ላይ ሽንኩርቱንና ማሾውን ማን ሰበሰበው? በሰንበቴ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በአንድ ሚዛን ሲገበያዩ የኖሩበት እሑድ ስንት ሳምንት ታጎለ? መጀመሪያ ተመልሶ «እንዴት ከረማችሁ» ያለውስ ማን ነበር? የወፍ ዋሻ ደን በዚያ ሌሊት ምን ድምፅ ሰማ? ጄኒንግስ በይፋት ቢወለድ ኖሮ ካሜራውን የሚያዞረው ወደነዚህ ይመስለኛል። የገበያውን ሁካታ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደወልና የመስጊዱን አዛን፣ በዳገቱ ላይ የሚያቃስተውን የጭነት መኪና በአንድ የድምፅ ክር ይሰፋቸው ነበር። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ሳይነግረን ማን እንደሆንን ያስታውሰን ነበር።

ጥፋተኛን መለየት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ዘረት ሰነድ ባይገኝለት ኖሮ እስከ ዛሬ ሐሜት ይባል ነበር። ፍርድ ቤት የራሱ ሥራ አለው፤ ታሪክ ጸሐፊም እንዲሁ። ነገር ግን ልጆቻችን ከ80 ዓመት በኋላ በ2014 ዓ.ም. ስለሆነው ነገር ምስል ሲፈልጉ የሚያገኙት የፍርድ ማስረጃና የስድብ መዝገብ ብቻ ከሆነ፣ እኔ በሉቼ ፊልም ውስጥ አያቶቼን እንደፈለግሁ እነርሱም እኛን ፈልገው ያጡናል። በጠርዝ ላይ የቆመ፣ ስም የሌለው፣ የማይናገር ባላገር ሆነን እንቀራለን፤ ያውም በገዛ እጃችን ቀርጸን።

ዛሬ የሉቼ መዝገብ በኢንተርኔት ተከፍቷል፤ ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ ያያል። የአካባቢያችን አረጋውያን ግን በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። የሚናገሩት ደግሞ እስከ አርበኞቹ ዘመን ከወላጆቻቸው የሰሙትን፣ እስከ 2014ቱ ድረስ ደግሞ በዓይናቸው ያዩትን ነው። ከጎናቸው ተቀምጦ ስልኩን የሚያበራ አንድ ልጅ ይበቃቸዋል። ብቻ ልጁ ከመጠየቁ በፊት ዝም ብሎ ይስማ፤ ሲቀርጽም ከሚናገሩት ሰዎች ወገን ይቁም።